በሮቹ ክፍት ነበሩ፦ የኮንኮርዲያ ተማሪዎች ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2010 ነው። በመርከቧ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ23 ደቂቃ አካባቢ። ከብራዚሏ ሪዮ ዴ ጄኔሮ 300 የባሕር ማይል ያህል ርቃ ትጓዝ የነበረች ባለሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ድንገት በጎኗ ተኛች። ስሟ ኮንኮርዲያ ይባላል። 64 ሰው ይዛለች። 48ቱ ተማሪዎች ናቸው። ስምንቱ መምህራን፣ ስምንቱ ደግሞ ሙያተኛ መርከበኞች።

መርከቧ ሰጠመች። 64ቱም ሰዎች በሕይወት ተረፉ።

ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሟች ቁጥር ነው። እዚህ ግን ወደ 57 ሜትር ተኩል የምትረዝም የብረት መርከብ ባሕር ውጧት ቀርቶ፣ ላይዋ የነበሩት ልጆች ሁሉ ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመለሱ። ስለ ጉዳዩ የወጡትን ዘገባዎችና የምርመራውን ውጤት ሳነብ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ልጆቹ በእጅና በእግራቸው የተለማመዱት ነገር ሁሉንም አዳናቸው። ወረቀት ላይ ተጽፎ የተቀመጠው፣ ማንም ያልተለማመደው ነገር ደግሞ መርከቧን አሳጣቸው። ታሪኩን በዚህ ዓይን ነው የምነግራችሁ።

ልጆቹ ተሳፋሪ አልነበሩም

ኮንኮርዲያ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1992 በፖላንዷ ሽቼቺን ከተማ ነው። ክላስ አፍሎት የተባለ የካናዳ የትምህርት ፕሮግራም ነበር የሚጠቀምባት። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1984 ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችንና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎችን ይቀበላል። ትምህርቱ መደበኛ ነው። ባዮሎጂ አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ ፈተና አለ። ልዩነቱ የመማሪያ ክፍሉ የሚንሳፈፍ መሆኑ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ተማሪው መርከቧን ራሱ ያንቀሳቅሳታል። ስምንት ሙያተኛ ብቻውን ይህችን የምታህል የሸራ መርከብ ቀንና ሌሊት ሊነዳ አይችልም። ሸራውን የሚወጥረው፣ የሚያወርደው፣ መሪውን የሚይዘው፣ ከፊት ቆሞ አድማሱን የሚቃኘው፣ ወለሉን የሚያጥበው፣ ድስት የሚፈትገው ተማሪው ነው። ቀኑ በፈረቃ ይከፈላል። የሌሊት ፈረቃ የደረሰው ልጅ ከሞቀ አልጋው ተቀስቅሶ በጨለማ ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋት ደግሞ ክፍል ገብቶ ይማራል።

በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ አዲስ የገባ ወጣት መጀመሪያ የሚታገለው ከገመድ ጋር ነው። ሸራ በበዛ ቁጥር ገመድ ይበዛል። እያንዳንዱ ገመድ ስም አለው። ጫፉ የሚታሰርበትም የራሱ ቦታ አለው። ከመርከቧ ጎን በተደረደሩ አጫጭር ችንካሮች ላይ በ8 ቁጥር ቅርጽ ይጠመጠማል፣ የተረፈው ተጠቅልሎ እዚያው ላይ ይንጠለጠላል። ለምን እንዲህ ተጠንቅቀው ቦታ ቦታ ሰጡት? ሌሊት ስለሚመጣ ነው። ዝናብ እየወረደ፣ መርከቧ እየተናጠች፣ መብራት ሳይኖር፣ «ያንን ገመድ ልቀቅ» ሲባል እጅህ በዳሰሳ ብቻ ሊያገኘው ይገባል። ሌላውን ብትለቅ ከላይ ሸራውን የተሸከመው አግዳሚ ሰው ላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ ይደጋግሙታል። መዳፋቸው ይላጣል፣ ይጠነክራል። ከሳምንታት በኋላ ስሙን ለማስታወስ ማሰብ ያቆማሉ፤ እጃቸው ያውቀዋል።

ወደ ምሰሶው መውጣትም አለ። የደህንነት ቀበቶ ታጥቀው በገመድ መሰላል ይወጣሉ፤ ከዚያ በአግዳሚው ላይ ሆድን አስደግፎ፣ እግርን ከሥር በተዘረጋ ገመድ ላይ ቆሞ፣ ሸራ መጠቅለል። የድሮ መርከበኞች ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል፦ አንድ እጅ ለራስህ፣ አንድ እጅ ለመርከቧ።

ከዚህ ሁሉ ጋር መርከብን ጥሎ የመውጣት ልምምድ አለ። በዓለም አቀፍ ሕግ የአደጋ ጥሪው ሰባት አጭር ድምፅና አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ጥሪው ሲሰማ እያንዳንዱ ሰው የመዳኛ ጃኬቱን አጥልቆ ወደ ተመደበበት ቦታ ይሮጣል። ስም ይጠራል። የጎደለ ካለ ይታወቃል። እውነቱን ለመናገር ይህን ልምምድ የሚወድ ወጣት አይኖርም። አሰልቺ ነው፣ እንቅልፍ ያቋርጣል፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ዋጋው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ላይ ነው።

ዘጠነኛው ቀን

ኮንኮርዲያ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ከብራዚሏ ሬሲፌ ወደብ ተነሣች። መድረሻዋ የኡራጓይዋ ሞንቴቪዴዮ ነበረች። የደቡብ አሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ በሩቅ በቀኝ እያዩ ወደ ደቡብ የሚወርድ ጉዞ ነው። ወቅቱ በዚያ ንፍቀ ክበብ በጋ ነው። አየሩ ሞቃት ነው።

ይህን ሙቀት በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን ከምሳ በኋላ ተማሪዎቹ በየቦታቸው ነበሩ። ፈረቃ ያላቸው ላይ ናቸው። የቀሩት ታች ክፍል ውስጥ ይማራሉ፣ አልጋ ላይ ያረፉም አሉ። አካባቢው ወጀብ የሚበዛበት ስለነበር መርከቧ መዝመሟ ማንንም አላስደነገጠም። የሸራ መርከብ ትዘማለች። ሳህን እየተንሸራተተ፣ ደብተር በክርን ተይዞ መማር የለመዱት ነገር ነው።

ከዚያ ዝናብ ያዘለ ወጀብ መጣ። ተረኛው መኮንን ሸራ አላስቀነሰም፤ አቅጣጫም አላስቀየረም። አደጋ መሆኑን አላወቀም ነበር። መርከቧ ከለመዱት በላይ ዘመመች። ከተረፉት ተማሪዎች አንዷ ለጋዜጠኞች እንደተናገረችው መርከቧ አንዴ ወደ ጎን ሄዳ ተመለሰች፤ ሁለተኛ ስትሄድ ግን መስኮቶቹ መሰበር ጀመሩ። ያኔ ነው እየሰጠመች መሆኑን ያወቁት።

አሁን እስቲ ያን ክፍል አስቡት። ግድግዳው ወለል ሆኗል። ወለሉ ግድግዳ ሆኗል። የነበርክበት መተላለፊያ አሁን በጎኑ የወደቀ ጉድጓድ ነው። ደረጃው አግድም ተኝቷል። ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ፣ ሰው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተንዷል። በዝቅተኛው በኩል ያሉት መስኮቶች ላይ የሚታየው ሰማይ ሳይሆን አረንጓዴ ውኃ ነው። ከዚያም መስታወቱ ለቀቀ።

ከእንዲህ ያለች መርከብ ነው 64 ሰው የወጣው። እየተሳቡ፣ እየተገፋፉ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ። የሚነፉት የመዳኛ ታንኳዎች እንዲወርዱ ተደረገ። ሰው ተቆጠረ። ሁሉም ነበሩ። ካፒቴኑም በኋላ ለተማሪዎቹና ለባልደረቦቹ ምስጋና የሰጠው በሥልጠናቸው ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር ብሎ።

እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ ብል አላጋነንኩም። ልጆች ናቸው እኮ። ገና ጢማቸው ያልወጣ፣ ጠዋት ስለ ባዮሎጂ ፈተና ሲያማርሩ የነበሩ ልጆች። ያን አሰልቺ ልምምድ እግራቸው አስታወሰው። «ወዴት ነው የምሄደው?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ በሌለበት ሰዓት እግር ራሱ ያውቅ ነበር።

ወደ 40 ሰዓት

ታንኳ ላይ መውጣት መዳን አይደለም፤ የሌላ ፈተና መጀመሪያ ነው። የመዳኛ ታንኳ ከላይ ድንኳን መሳይ ሽፋን አለው፣ ሥሩ ግን ስስ ነው። በውስጡ የተቀመጠ ሰው ከታቹ የሚያልፈውን ማዕበል ሁሉ በመቀመጫው ይሰማዋል። ከሸራ መርከብ መናጥ ጋር የተላመደ ሆድ እንኳ እዚህ አይችልም፤ ማስመለስ ይጀምራል። ውኃ ይገባል፣ ተቀድቶ ይደፋል፣ ደግሞ ይገባል። ሲመሽ ቀን ያቃጠለው ቆዳ ይበርደዋል።

አለቀሱ። ጸለዩ። ዘፈኑ። የዝናብ ውኃ አጠራቀሙ። በጉዞው ሁሉ ሦስትና አራት ሆነው ፈረቃ ሲወጡ የነበሩት ልጆች እዚህም አብረው ናቸው። ከዚህ በፊት ሌሊት ለሌሊት አብረው መሪ ይዘው ያነጉ ሰዎች መሆናቸው ትልቅ ነገር ይመስለኛል። የማያውቁት ሰው ትከሻ ላይ አይደለም ራሳቸውን ያሳረፉት።

ከመርከቧ ጋር የነበረው የአደጋ ምልክት አስተላላፊ መሣሪያ ወደ ሳተላይት ጥሪ አስተላልፏል። ነገር ግን አውሮፕላን ታንኳዎቹን እስኪያገኝ ድረስ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ አለፈ። የብራዚል አየር ኃይል አውሮፕላን ያያቸው ፌብሩዋሪ 18 ቀን ምሽት ላይ ነው። ታንኳ ውስጥ ላለ ልጅ ያ ቀን ምን ያህል ይረዝማል? ርችት የሚመስለውን የአደጋ መብራት መተኮስ፣ መጠበቅ፣ ማንም አለመምጣቱን ማየት። ካዩዋቸው በኋላም ገና መርከብ መድረስ አለበት። በአቅራቢያው የነበሩ ሁለት የንግድ መርከቦች፣ ሆኩዌትሱ ዲላይትና ክሪስታል ፓየኒር፣ መንገዳቸውን ቀይረው መጡ። ልጆቹን ያነሷቸው ፌብሩዋሪ 19 ሊነጋጋ ሲል ነው። ከዚያ ወደ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወሰዱ።

ንፋሱ ምን ያህል ነበር?

የጉዳዩ ከባዱ ክፍል እዚህ ይጀምራል።

ካፒቴኑ አደጋው እንደደረሰ የሰጠው ማብራሪያ መርከቧ ማይክሮበርስት በሚባል ነገር ተመታች የሚል ነበር። ይህ ከደመና ውስጥ እንደ ፏፏቴ ቁልቁል የሚወርድ፣ መሬት ወይም ባሕር ሲነካ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚፈነዳ እጅግ ኃይለኛ ንፋስ ነው። እንዲህ ከሆነ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። የሰማይ ቁጣ ነው፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል።

መርከቧ የተመዘገበችው ባርባዶስ ቢሆንም ምርመራውን ያካሄደው የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ነው። ሪፖርቱን በሴፕቴምበር 2011 አወጣ። የንፋሱ ፍጥነት ከ25 እስከ 50 ኖት ሳይሆን አይቀርም አለ። በሰዓት ከ46 እስከ 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ንፋሱ ከላይ ወደ ታች የሚጫን ባሕርይ ሊኖረው እንደሚችል ተቀብሏል። ማይክሮበርስት ለመሆኑ ግን ምንም ማስረጃ የለም አለ።

በሌላ አነጋገር፣ በባሕር ላይ በየጊዜው የሚያጋጥም ወጀብ ነበር።

ይህ ለካፒቴኑ ቀላል ቃል አይደለም። እኔም እሱን ለመክሰስ አልጽፍም፤ በዚያች ቅጽበት 64 ሰው ወደ ታንኳ እንዲገባ ያደረገ ሰው ነው። ነገር ግን በሁለቱ ማብራሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ለወደፊት ልጆች የሞት ሽረት ጉዳይ ስለሆነ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል።

የሸራ መርከብ ንፋስ ሲገፋት ትዘማለች። ከሥሯ ያለው ክብደት ደግሞ መልሶ ያቆማታል። ንፋሱና ክብደቱ ሲመጣጠኑ መርከቧ በተወሰነ ዝንባሌ ላይ ትረጋለች። 10 ዲግሪ ዘማ የምትሄድ መርከብ ላይ ያለ ሰው ምንም አይሰማውም፤ ሻይውን ይጠጣል። ችግሩ የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አለመጨመሩ ነው። ፍጥነቱ በ1.4 ቢባዛ ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አሁን በምቾት ላይ ያለች መርከብ፣ ትንሽ ጠንከር ያለ ንፋስ ሲመጣባት በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ታሪክ ውስጥ ትገባለች።

በተለመደው ሁኔታ አንድ ማምለጫ አለ። መርከቧ በዘመመች ቁጥር ሸራዎቹም አብረው ይተኛሉ፤ አግድም የሚነፍሰው ንፋስ በላያቸው ያልፋል። ግፊቱ በራሱ ይቀንሳል። ንፋሱ ከላይ ወደ ታች ሲጫን ግን ይህ ማምለጫ ይዘጋል። ሸራው ሲተኛ ከላይ ለሚመጣው ንፋስ ይበልጥ ፊት ለፊት ይሆናል። ጃንጥላ ይዞ በወጀብ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል፤ ወደ ንፋሱ ስታዘነብለው እጅህን ሊገነጥል ይደርሳል።

ታዲያ አንድ መኮንን «አሁን ያለሁበት ሁኔታ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን እንዴት ያውቃል? በዓይን ማወቅ አይቻልም። 10 ዲግሪ 10 ዲግሪ ነው። ለዚህ ነው መርከቧ ላይ አንድ ሠንጠረዥ የነበረው።

የማርኬስ ሟቾች ያስወለዱት ወረቀት

እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1984 ማርኬስ የምትባል የሸራ መርከብ በትልልቅ የሸራ መርከቦች ውድድር ላይ እያለች ከቤርሙዳ ሰሜን በወጀብ ተመታ ሰጠመች። ወጣት ሠልጣኞችም ነበሩባት። ከ28 ሰዎች 19 ሞቱ። እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በቁም ነገር ያዙት። በሳውዛምፕተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የሸራ መርከብ ስንት ንፋስ እንደምትችል አጠኑ። ከጥናቱ የወጣው ለመኮንኖች የሚሆን ቀላል ሠንጠረዥ ነው። አሁን ያለውን የንፋስ ፍጥነትና አሁን ያለውን ዝንባሌ ትወስዳለህ፤ ሠንጠረዡ ደግሞ ምን ያህል ኃይለኛ ወጀብ ቢመጣ መርከብህ ውኃ እስከምታስገባበት ዝንባሌ ድረስ እንደምትሄድ ይነግርሃል። ወጀቡ ከዚያ ሊበልጥ የሚችል ከመሰለህ ሸራ ትቀንሳለህ። አሁኑኑ። ወጀቡ ሳይደርስ።

ኮንኮርዲያም እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ነበራት። ስለ መርከቧ ሚዛን በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል። መርማሪዎቹ እንዳሉት መኮንኖቹ አልተጠቀሙበትም። እንዲጠቀሙበት የሚያሠለጥናቸው ዓለም አቀፍ መመዘኛም አልነበረም።

እኔን የሚያመኝ ይህ ነው። ተማሪው የእያንዳንዱን ገመድ ቦታ በጨለማ እንዲያውቅ ተደርጓል። ታንኳው የት እንዳለ እግሩ ያውቃል። ይህን ልምምድ ማንም «መጽሐፍ ላይ አለ፣ ሲያስፈልግ ያነበዋል» አላለም። የመርከቧን ልክ የሚነግረው ነገር ግን መጽሐፍ ላይ ቀረ። በወጀብ መካከል መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው የለም። እንደ ገመዱ ሁሉ እጅ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

ሙቀቱ

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ።

መርከቧ ስትተኛ በሮች፣ መስኮቶችና የአየር ማስገቢያዎች ክፍት ነበሩ፤ ውኃ ወደሚነካው ጎን ያሉት ጭምር። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። በጋ ነው። ታች 40 ልጅ ይማራል፣ ይተኛል፣ ይተነፍሳል። በር ተዘግቶ ማን ይችለዋል? የተከፈተ በር ግን የመርከቧን ልክ ይቀንሰዋል። በሮቿ የተዘጉ መርከብ በጣም ዘማም ልትመለስ ትችላለች። በሮቿ የተከፈቱ መርከብ ግን የመጀመሪያው በር ውኃ ሲነካ ያበቃላታል። የሚገባው ውኃ ይጫናታል፣ ይበልጥ ታዘነብላለች፣ ሌላ በር ውኃ ይነካል።

ይህም አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1932 ኒዮቤ የተባለች የጀርመን ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ በባልቲክ ባሕር፣ ከፌማርን ደሴት አጠገብ በድንገተኛ ወጀብ ተገለበጠች። የበጋ ቀን ነበር። መስኮቶቿ ለአየር ሲባል ተከፍተው ነበር። 69 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ለመኮንንነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ነበሩ። 40 ሰው በአካባቢው የነበረ የጭነት መርከብ አዳናቸው። አደጋው የደረሰው ባሕር ዳርቻ በሚታይበት ርቀት ላይ ነው። የወጀብ ንፋስ ጠረፍና መካከለ ባሕር አይለይም።

በኒዮቤና በኮንኮርዲያ መካከል 78 ዓመት አለ። በዚያ መካከል ሳተላይት መጥቷል፣ ራዳር መጥቷል፣ ራሱን የሚነፋ ታንኳ መጥቷል። በሩ ግን ሁለቱም ላይ ክፍት ነበር። በሁለቱም ላይ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ሙቀት ሁልጊዜ ይሰማል፤ ወጀብ ግን እስኪመጣ ድረስ አይሰማም። ስለዚህ በሩን የመዝጋት ውሳኔ ለምቾት ከተተወ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የአንድ ሰው ሥራ መሆን አለበት። ስም ተጽፎበት፣ ፈረቃ ተመድቦለት፣ ደመና ሲጠቁር «ተዘግቷል» የሚል መልስ የሚጠበቅበት ሥራ።

ይህን ደግሞ 17 ዓመት የሆነው ልጅ በደንብ ይሠራዋል። እንዲያውም ከሁሉም የተሻለ እሱ ይሠራው ነበር ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ ገመድ በትክክል ጠምጥሞ የሚያስር ልጅ በር መዝጋት አያቅተውም። ማንም አልሰጠውም እንጂ።

ልጃቸውን በእንዲህ ያለ ጉዞ ሊልኩ የሚያስቡ ወላጆች አንዳንዴ «ዋና ይችላል ወይ?»፣ «ምግቡ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መጠየቁ ጥሩ ነው። እኔ ብሆን ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ወጀብ ሲታይ በሩን የሚዘጋው ማነው? ሸራ የሚቀነሰውስ በምን ልክ ነው፣ በተረኛው ስሜት ነው ወይስ በተለማመዱት ሠንጠረዥ? መልስ የሚሰጠው ሰው ሳያመነታ ከመለሰ፣ ልጁ ይሂድ። የሚያገኘውን ነገር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያገኘውም። ሌሊት መሪ ይዞ የማያውቀውን ኮከብ እየተከተለ፣ ታች ስድሳ ሰው በሱ ታምኖ እንደተኛ ማወቅ ሰውን ይለውጣል።

ቦርዱ ለካናዳ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሁለት ምክር ሰጠ። አንደኛው፣ በሸራ መርከብ ላይ እንዲሠሩ ፈቃድ የሚሰጣቸው መኮንኖች የመርከባቸውን የሚዛን መመሪያ መጠቀም እንዲሠለጥኑ። ሁለተኛው፣ ይኸው ነገር በዓለም አቀፍ ደረጃ መመዘኛ እንዲሆን መሥሪያ ቤቱ እንዲሠራ።

ክላስ አፍሎት ከአደጋው በኋላ በሌላ መርከብ ቀጠለ። ሶርላንዴት ትባላለች፤ በ1927 የተሠራች ባለሦስት ምሰሶ የኖርዌይ መርከብ ናት። አዲስ ተማሪዎች ገመድ ይዘው፣ መዳፋቸው እየተላጠ በሷ ወጡ። የመጀመሪያውን ሳምንት ልምምዳቸውን ባይ ደስ ይለኝ ነበር። በተለይ የሥራ ድልድሉ ሲነበብ፣ የበሮቹ ጉዳይ ላይ ሲደረስና የአንድ ልጅ ስም ሲጠራ።